ይህ ዓሣ የማን ልጅ ነው?

(ፖርትላንድ፣ ኦሪገን ውስጥ ለሐበሻ ማኅበረሰብ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ!

የዛሬው ወሬዬ ስለ ዓሣ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን ለሌላ ቀን እናቆየው። እሱን ከነካነው አዳራሹን ዘግተው እስኪያስወጡን አንጨርስም።

ከዚህ ወደ ምሥራቅ በ84 ቁጥር መንገድ ስትነዱ ካስኬድ ሎክስ የምትባል ትንሽ ከተማ ታገኛላችሁ። እዚያ ኮሎምቢያ ወንዝ ዳር ትኩስ ሳልመን በበረዶ ሣጥን ይዘው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ከእናንተም የገዛ አይጠፋም። ሻጮቹ ከነባር አሜሪካውያን ጎሳዎች የያካማ፣ የዩማቲላ፣ የዋርም ስፕሪንግስ ወይም የኔዝ ፐርስ ሰዎች ናቸው። እዚያ የቆሙት የኦሪገን ግዛት ፈቅዶላቸው እንዳይመስላችሁ። ኦሪገን ግዛት ከመሆኗ በፊት የተፈረመ ውል አላቸው። ዛሬ የማወራው እነዚህ አራት ጎሳዎች ያንን ውል በሥራ ላይ ለማዋል የዘረመል (የዲኤንኤ) ምርምርን እንዴት የራሳቸው መሣሪያ እንዳደረጉት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ።

መጀመሪያ ውሉን ልንገራችሁ። ያለ እሱ ዘረመሉ ትርጉም የለውም።

በሰኔ 1855 የዋሽንግተን ግዛት ገዥ የነበረው አይዛክ ስቲቨንስና የኦሪገን ሹማምንት ከጎሳዎቹ ጋር ተዋዋሉ። ጎሳዎቹ እጅግ ሰፊ መሬት ለቀቁ። ዓሣውን ግን አልለቀቁም። በለመዷቸው ቦታዎች ሁሉ ከሌላው ዜጋ ጋር በጋራ ዓሣ የማስገር መብታቸው እንደተጠበቀ እንዲቆይ አስጻፉ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1905 ይህንን ሲተረጉም ቁልጭ ያለ ነገር ተናገረ። መብቱ መንግሥት ለጎሳዎቹ የሰጠው ስጦታ አይደለም አለ። ድሮም የነሱ ነበር፤ ሌላውን ሲሰጡ ይህን ለራሳቸው አስቀሩት።

ወረቀቱ እንዲህ ቢልም መሬት ላይ ሌላ ነበር። አስጋሪዎቹ ይታሰሩ፣ መረባቸው ይወሰድ ነበር። ነገሩ እንደገና ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1969 የፌደራሉ ዳኛ ሮበርት ቤሎኒ እዚሁ ኦሪገን ውስጥ ጎሳዎቹ ተገቢ ድርሻ ይገባቸዋል ብለው ፈረዱ። በ1974 ደግሞ ዳኛ ጆርጅ ቦልት በዋሽንግተን ድርሻው ሊያዝ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ ነው አሉ። ነጭ አስጋሪዎች በጣም ተቆጡ፤ የዳኛው ምስል በአደባባይ ተቃጠለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1979 ፍርዱን በመሠረቱ አጸናው።

ድል ነው። ግን የምን ግማሽ? ወንዙ በግድብ ተዘግቷል። ቦንቪል በ1938 ሥራ ጀመረ። ግራንድ ኩሊ ደግሞ ለዓሣ መውጫ እንኳ ሳይሠራለት ቆመ፤ ከሱ በላይ ያለው ወንዝ ለሳልመን ያኔ አበቃለት። ሰላይሎ ፏፏቴ ላይ ከአሥር ሺህ ዓመት በላይ ሰው ዓሣ ሲያሰግር፣ ሲገበያይ፣ ሲዳዳር ኖሯል። መጋቢት 10 ቀን 1957 የዳልስ ግድብ በሮች ተዘጉና ፏፏቴው በሰዓታት ውስጥ ውኃ ዋጠው። ከዚያ በኋላ የመጣ የፍርድ ቤት ድል ጎዶሎ ነው። የሌለ ዓሣ ግማሹ ምንም ነው።

ስለዚህ አራቱ ጎሳዎች በ1977 የኮሎምቢያ ወንዝ የጎሳዎች የጋራ የዓሣ ኮሚሽንን አቋቋሙ። ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ፖርትላንድ ነው። ዓላማቸው ከፍርድ ቤት አዳራሽ ወጥቶ ወንዙን ማስተዳደር ነው። ለዚያ ደግሞ የራስ ባለሙያ፣ የራስ መረጃ ያስፈልጋል። የክልሉ መንግሥት የቆጠረውን ዓሣ እየተቀበሉ ከክልሉ መንግሥት ጋር መከራከር አይቻልማ። ኮሚሽኑ አይዳሆ ውስጥ ሄገርማን በሚባል ቦታ ከአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሚያሠራው የዘረመል ቤተ ሙከራ አለው። በዓሣ ዘረመል ሙያ ስሙ የታወቀ ነው፤ ሌሎች መንግሥታዊ ተቋማትም አብረውት ይሠራሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ።

ሳልመን የሚወለደው ትንሽ ጅረት ውስጥ ነው። አድጎ ባሕር ይወርዳል፤ ዓመታት ቆይቶ በማሽተት እየተመራ ወደተወለደበት ጅረት ይመለሳል። ችግሩ መመለሻው መንገድ አንድ መሆኑ ነው። ከመቶዎች ጅረቶች የመጣው ዓሣ ሁሉ በኮሎምቢያ ወንዝ አፍ ይገባና ተደባልቆ ይወጣል። ከመካከሉ ቁጥሩ ደህና የሆነ አለ፣ በሕግ ጥበቃ ሥር ያለ ሊጠፋ የተቃረበም አለ። በዓይን ስታዩት ሁሉም አንድ ነው። ከቦንቪል ግድብ እስከ ማክናሪ ግድብ ያለው 237 ኪሎ ሜትር ገደማ የንግድ ማስገሪያው ለጎሳዎቹ ብቻ የተተወ ነው። እዚያ መረብ ስትጥል ግን መረቡ ዘር አይመርጥም። ጥበቃ የሚደረግለት ዓሣ ከተፈቀደው መጠን በላይ ተይዟል ከተባለ ማስገሪያው ይዘጋል። በደህናው ዓሣ የሚተዳደረው ቤተሰብም ባዶ እጁን ይገባል።

ስለዚህ "ይህ ዓሣ ከየት ነው?" የሚለው ጥያቄ የእንጀራ ጥያቄ ነው።

ዘረመል የሚመልሰው እንዲህ ነው። የየጅረቱ ዓሣ ወደ ተወለደበት ስለሚመለስና እዚያው ስለሚራባ በብዙ ትውልድ የራሱ የዘረመል መልክ ይይዛል። ተመራማሪዎቹ ከየጅረቱ ናሙና ወስደው መዝገብ አዘጋጁ። ቦንቪል ላይ ወደ ላይ የሚወጣውን ዓሣ ለአፍታ ያስቆሙና ከክንፉ ጥፍር የማትሞላ ቁራጭ ቆርጠው ይለቁታል። ቁራጯ ከመዝገቡ ጋር ትመሳከራለች። በዚህ መንገድ የትኛው ዘር በየትኛው ሳምንት እንደሚያልፍ ይታወቃል። ደካማው እስኪያልፍ መረብ መሰብሰብ፣ ደህናው በብዛት ሲመጣ መጣል ይቻላል ማለት ነው።

ይህ ከየትኛው አካባቢ እንደመጣ ይነግራል። ከዚህም የጠለቀ ዘዴ አለ፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው።

በወንዙ ከሚወጣው ዓሣ ብዙው ከማራቢያ ጣቢያ የወጣ ነው። ግድቦቹ ላጠፉት ዓሣ ማካካሻ ተብለው የተሠሩ ጣቢያዎች ናቸው። የትኛው ዓሣ ከየትኛው ጣቢያ እንደወጣ ለማወቅ ለዓሠርታት ሁለት መንገድ ነበር። አንደኛው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል የምትረዝም ቁጥር ያላት ሽቦ በግልገሉ አፍንጫ ውስጥ መክተት ነው። ሽቦዋን ለማንበብ ዓሣው መሞት አለበት፤ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ይላካል። ሁለተኛው ጅራቱ አጠገብ ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሿን ክንፍ መቁረጥ ነው። ክንፏ ከሌለች የማራቢያ ልጅ ነው፤ በመንጠቆ የሚያጠምደው ሰው ወደ ቤቱ ይወስደዋል። ካለች ይለቀዋል።

ጎሳዎቹ ይህን የክንፍ ቆረጣ አልወደዱትም። አንዱ ምክንያት ክብር ነው፤ ዓሣውን በሚሊዮን እየቆራረጡ መልቀቅ ደስ የሚል ነገር አይደለም። ሌላው ምክንያት ግን ተግባራዊ ነው። ጎሳዎቹ ብዙውን ግልገል የሚለቁት ጅረት ገብቶ በራሱ እንዲራባና የተፈጥሮውን ዘር እንዲደግፍ ነው። ክንፉ ከተቆረጠ መንገድ ላይ ተለቅሞ ያልቃል። ካልተቆረጠ ደግሞ ሌሎቹ አስተዳዳሪዎች "ታዲያ በምን ልንለየው ነው?" ይላሉ። ሁለቱም እውነት አላቸው።

መፍትሔው ልጆቹን ትቶ ወላጆቹን መመዝገብ ሆነ። ማራቢያ ጣቢያ ውስጥ ዕንቁላልና የወንድ ዘር ሲወሰድ ከእያንዳንዷ እናትና ከእያንዳንዱ አባት ትንሽ የክንፍ ቁራጭ ይቀመጣል። ዘረመላቸው ይነበባል። በቃ። ከነሱ የሚወለዱት ሁሉ ሳይነኩ ምልክት ተደርጎባቸዋል። አንዲት ትልቅ ሳልመን 4 ሺህ ገደማ ዕንቁላል ትጥላለች። ሁለት ወላጅ ስትመዘግብ ሺዎችን መዘገብክ ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ከልጆቹ አንዱ ግድብ ላይ ወይም መረብ ውስጥ ሲገኝ ዘረመሉ ይነበብና ኮምፒዩተሩ እናትና አባቱን ያወጣል። ወላጆቹ የተራቡበት ዓመት ስለሚታወቅ ዕድሜው እስከ ዓመቱ ይታወቃል፣ ጣቢያውም ይታወቃል። ዓሣው ደግሞ በሕይወት መንገዱን ይቀጥላል። የኮሎምቢያ ገባር በሆነው በስኔክ ወንዝ ተፋሰስ የአይዳሆ ግዛትና የኮሚሽኑ ቤተ ሙከራዎች ከ2008 ጀምሮ የማራቢያ ወላጆችን በዚህ መልክ መመዝገብ ጀመሩ። ከሰባት ዓመት በኋላ ደግሞ የኮሚሽኑ ቤተ ሙከራ ሰዎች የሺዎች ዓሣ መቶዎች የዘረመል ነጥቦችን በአንድ ዙር የሚያነብ ዘዴ ይዘው ብቅ አሉ፤ ወጪውም በጣም ወረደ።

ክንፍ ይቆረጥ አይቆረጥ የሚለው ክርክር አልቆመም። ግን "መለየት አይቻልም" የሚለው መከራከሪያ ጉልበቱን አጥቷል።

አሁን ወደሚያናድደው ክርክር ልምጣ። የማራቢያ ዓሣ ለተፈጥሮው ዓሣ ጠንቅ ነው ወይስ ረዳት?

እዚሁ አጠገባችን ሁድ ሪቨር ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ በ2007 ወጣ። ስቲልሄድ የሚባለውን ዓሣ በዘረመል የዘር ሐረግ ተከትለው፣ በማራቢያ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ትውልድ በዱር የመራባት አቅሙ 40 በመቶ ያህል እንደሚወርድ አገኙ። ይህ ቁጥር በየስብሰባው ተጠቀሰ፤ ማራቢያዎች ይዘጉ የሚሉ ሰዎች ያዙት። ጎሳዎቹን ቁጭ ብላችሁ አስቧቸው። ግድቡን የሠራው ሌላ ነው። ዓሣውን የጨረሰው ሌላ ነው። ማካካሻ ተብሎ የተሰጣቸውን ማራቢያ ደግሞ "ለተፈጥሮ ጎጂ ነው" ተብሎ ሊነጠቁ ነው። ማን አይናደድ?

ኔዝ ፐርሶች በቁጣ ብቻ አልመለሱም። አይዳሆ ውስጥ ጆንሰን ክሪክ የሚባል ጅረት አለ። የቺኑክ ሳልመኑ ቁጥር ሊያልቅ ሲቃረብ ከ1998 ጀምሮ ጎሳው ራሱ ማራባት ጀመረ። ሕጋቸው አንድ ነበር፦ ለወላጅነት የሚወሰደው በጅረቱ ውስጥ የተወለደ ዓሣ ብቻ ነው። የማራቢያ ልጅ ተመልሶ ማራቢያ አይገባም፤ ጅረቱ ውስጥ ይራባ። ወደ ጅረቱ ከሚመለሰው ዓሣ ናሙና እየወሰዱ ከ7 ሺህ በላይ ዓሣ በዘር ሐረግ አገናኙ። ይኸው እስከ ሰባት ቤት እንደመቁጠር ነው። የኮሚሽኑ ተመራማሪዎች ውጤቱን በ2012 አሳተሙ። ወደ ማራቢያ የተወሰዱት ወላጆች ጅረት ውስጥ ከቀሩት ይልቅ ብዙ ተመላሽ ልጅ አፈሩ። የማራቢያው ልጅ ከዱሩ ጋር ሲጋባ ደግሞ የሚያገኘው ልጅ ሁለቱም ወላጆቹ የዱር ከሆኑት ጋር የሚስተካከል ሆኖ ተገኘ።

እዚህ ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ጆንሰን ክሪክ አንድ ጅረት ነው። ሁድ ሪቨር ላይ የተገኘውን ውሸት አያደርገውም፤ ዓሣውም ሌላ፣ አረባቡም ሌላ ነው። የሚያሳየው ነገር የአረባቡ ዓይነት ለውጥ እንደሚያመጣ ነው። ይህን ያካማዎች በክሌ ኤለም ጣቢያቸው የበለጠ አጥርተውታል። ከአንድ ምንጭ ሁለት መስመር ለዩ። አንደኛው በየትውልዱ የዱር ወላጅ ብቻ ይገባበታል። ሁለተኛው የማራቢያ ልጆችን እርስ በርስ ብቻ ያራባል። ዘረመላቸው ሲታይ የመጀመሪያው ከዱሩ ብዙም አልራቀም። ሁለተኛው ግን በጥቂት ትውልድ ውስጥ ተለይቶ ሄደ። እኔ ከዚህ የምረዳው "ማራቢያ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?" የሚለው ጥያቄ ራሱ አጉል ጥያቄ እንደነበር ነው።

ስለ ሶካይም ሳልነግራችሁ አላልፍም። አይዳሆ ውስጥ ሬድፊሽ የሚባል ሐይቅ አለ፤ ከባሕር 1,450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ከፍታው 2,000 ሜትር ይጠጋል። ሶካይ ሳልመን ያን ሁሉ ስምንት ግድብ ተሻግሮ ይወጣዋል። በ1990 የሾሾኒ-ባኖክ ጎሳዎች ይህ ዓሣ ጥበቃ ይደረግለት ብለው ለፌደራሉ መንግሥት አመለከቱ። በ1991 ሊጠፋ በተቃረቡት ዝርዝር ገባ። በ1992 ሐይቁ የደረሰው አንድ ወንድ ብቻ ነበር። ሰዉ "ብቸኛው ላሪ" ብሎ ስም አወጣለት። ከ1991 እስከ 1998 ድረስ የተመለሱት በድምሩ 16 ናቸው። እነሱን ይዘው ማራባት ጀመሩ። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ማን ከማን ጋር ይራባ የሚለውን በዘረመል እየለዩ ነው የሚያጋቧቸው። ዓሣው ዛሬም አለ። በየዓመቱ የሚመለሰው ቁጥር ግን አሁንም የሚያኮራ አይደለም።

ላምፕሬይ የሚባለውን እባብ መሳይ ዓሣ ደግሞ ነጮቹ ለዓመታት እንደ ጥገኛ ተባይ ሲንቁት ኖረዋል። ለጎሳዎቹ ሽማግሌዎች ግን ምግብም መድኃኒትም ነው። ጎሳዎቹ ከግድብ ሥር እየሰበሰቡ በመኪና ወደ ላይኞቹ ጅረቶች ወስደው ለቀቁት። ዘረመል ሁለት ነገር አሳየ። የተለቀቁት በእርግጥ ልጅ አፍርተዋል። ላምፕሬይ ደግሞ እንደ ሳልመን የትውልድ ጅረቱን አይፈልግም፤ የየጅረቱ ዘር ብዙ የተለየ አይደለም። ስለዚህ ከታች ወስዶ ወደ ላይ ማዛወሩ የአካባቢ ዘር ያበላሻል የሚለው ስጋት ቀለለ።

ከኮሎምቢያ ወጥተን ወደ ደቡብ ክላማት ወንዝ እንሂድ። የካሩክ ሽማግሌዎች በጸደይ የሚወጣው ሳልመን በመጸው ከሚወጣው የተለየ ነው ብለው ሁሌም ይናገራሉ። ስቡ ብዙ ነው፣ ቀድሞ ይመጣል፣ የራሱ ሥርዓት አለው። የፌደራሉ ባለሙያዎች በአጠቃላይ ዘረመሉ ሁለቱ አንድ ናቸው ብለው ለጸደዩ የተለየ ጥበቃ ከለከሉ። በ2017 ግን የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዴቪስ ተመራማሪዎች ቀድሞ መምጣትና ዘግይቶ መምጣት በዘረመሉ ውስጥ ካለች አንዲት ጠባብ ቦታ ጋር በጥብቅ እንደሚያያዝ አሳዩ። የጸደዩ ዓይነት ከጠፋ እንደገና እንደዋዛ የሚፈጠር አይደለም። የካሩክ ጎሳ በዚያው ዓመት አዲስ ማመልከቻ አስገባ። የካሊፎርኒያ ግዛትም በኋላ በራሱ ሕግ ጥበቃ ሰጠው። በክላማት ላይ የነበሩት አራት ግድቦች እስከ 2024 ፈርሰው አልቀዋል።

እኔን እዚህ ላይ የሚከነክነኝ አንድ ነገር አለ። ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ማሽን እስኪያረጋግጠው ድረስ ሰሚ አላገኘም። ነገ ሌላ ማሽን ሌላ ነገር ቢልስ? አንዲትን የዘረመል ቦታ ይዞ የሕግ ጥበቃ መስጠት ልክ አይደለም የሚሉ ሳይንቲስቶችም አሉ፤ ክርክራቸው ተራ አይደለም። ለዚህ ነው መጀመሪያ ውሉን ያነሣሁት። መብቱ የቆመው በ1855 ፊርማ ላይ ነው። ዘረመሉ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ማን እንደጠራው ይወስነዋል።

ነባር ሕዝቦች ዘረመል ሲባል የሚደነግጡበት ምክንያት አላቸው። ግራንድ ካንየን ውስጥ የሚኖሩት ሃቫሱፓይ ለስኳር በሽታ ምርምር ብለው ደማቸውን ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰጡ። ደሙ እነሱ ሳያውቁ ለሌላ ምርምር ዋለ። በ2010 ዩኒቨርሲቲው 700 ሺህ ዶላር ከፍሎ ታረቀ። እዚሁ ኮሎምቢያ ዳር ኬነዊክ ላይ ደግሞ በ1996 ከ8 ሺህ ዓመት በላይ የሆነው የሰው አጽም ተገኘ። ጎሳዎቹ "አያታችን ነው፣ እንቅበረው" አሉ። ሳይንቲስቶች ከሰሱ፣ አሸነፉም። በ2015 ዲኤንኤው ሲነበብ የቅርብ ዘመዶቹ ነባር አሜሪካውያን ሆነው ተገኙ። በ2017 ተቀበረ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሕዝብ የዓሣውን ናሙና በራሱ ማቀዝቀዣ ማስቀመጡ፣ ጥያቄውን ራሱ ማውጣቱ ቢያስደንቅ ነው እንጂ አያስወቅስም።

ዘረመል ማድረግ የማይችለውንም ልንገራችሁ። ውኃ አያቀዘቅዝም። በ2015 በጋ የወንዙ ውኃ ሞቀና 250 ሺህ ገደማ ሶካይ መንገድ ላይ አለቀ። ያ ሁሉ የተጠና ጋብቻ ለሙቅ ውኃ አይመልስም። ጎሳዎቹ በታችኛው ስኔክ ወንዝ ላይ ያሉት አራት ግድቦች ይነሡ የሚሉት ለዚህ ነው። በታኅሣሥ 2023 የፌደራሉ መንግሥት ከአራቱ ጎሳዎች፣ ከኦሪገንና ከዋሽንግተን ጋር ስምምነት ፈርሞ ነበር። በሰኔ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ አፈረሱት። ጉዳዩ እንደገና እዚህ ፖርትላንድ ፍርድ ቤት ተመልሷል።

ከንግግሩ በኋላ ብዙ ጥያቄ ተነሣ። አንዷን ብቻ እዚህ አስቀምጣለሁ። አንድ ከባሕር ዳር የመጡ አባት "ልጄ፣ ይኸ ነገር ለጣና አይሆንም ወይ?" አሉኝ።

ይሆናል አባባ። አስጋሪው በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚለው ባርበስ በጣና ብቻ ከደርዘን በላይ ዓይነት አለው። ከነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ወጥተው ዕንቁላል ይጥላሉ። ልክ እዚያ የወንዝ አፍ ላይ ነው መረብ የሚጠብቃቸው። ርብም ተገድቧል። የጉማራው ዓሣ ወደ ጉማራ ብቻ ይመለሳል ወይስ ከርቡ ጋር ይደባለቃል? እንደ ሳልመን ከሆነ የአንዱን ወንዝ መዝጋት አንድን ዘር ማጥፋት ነው፤ እንደ ላምፕሬይ ከሆነ ግን ሌላው ወንዝ ያድነዋል። የማስገሪያ መዝጊያ ወሩ፣ መረብ የሚከለከልበት ቦታ ሁሉ በዚህ መልስ ይለያያል። ለመጀመር አልኮል ያለበት ብልቃጥና መቀስ ይበቃል፤ በታንኳ የሚያሰግረው ሰው ራሱ ከያዘው ዓሣ ክንፍ ላይ ቆርጦ፣ ቦታውንና ቀኑን ጽፎ ሊሰጥ ይችላል። ማንበቡ ውጭ አገር ቢሠራም ግድ የለም። ብልቃጦቹ ግን ባሕር ዳር ይቀመጡ፤ ምን ይጠየቅ የሚለውም ከነገደ ወይጦና ከሌሎቹ አስጋሪዎች ጋር ይወሰን አልኳቸው። እሳቸውም "መረብ ጣዩ ግን በክረምት ምን ይብላ?" ብለው ሌላ ጥያቄ አስከተሉ፤ ይህኛው በዘረመል የሚመለስ አይደለም።